ጎብኚ የበዛባት የጋሽ ፊሽካ ጥርስ

የምትቸኩሉም ቆማችሁ የምታዛጉም፣ ወንበር ያላችሁም ወንበር የምትጠብቁም፣ ልብ በሉ! በአውቶቡስ ዴፖው የኋላ ግቢ የሚሠራ የአንድ ሰው የታችኛው መንጋጋ የፊት ጥርስ፣ ከመሀል ወደ ግራ የመጀመሪያዋ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሁላችን ጉዳይ ሆናለች። ስትነቃነቅ አብረን እንነቃነቃለን፤ ስትጸና አብረን እንጸናለን። ስለ እሷ ክፉ ያወራ የዕድገት ጠላት ነው። ባርኔጣ ያለው ያውልቅ፤ የሌለው ራሱን ይከክ።

እንዲህ ብሎ ያወጀ የለም። ቢታወጅ ግን የሚገረም አይኖርም ነበር። በዚያ ሰሞን በዚያች ጥርስ ዙሪያ የተኮለኮለው ሰው፣ አዲስ ሹም በተሾመ ማግስት ቢሮው በር ላይ ከሚኮለኮለው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ልዩነቱ፣ ሹም ጎብኚ ሲበዛበት ይፋፋል፤ ጥርሲቱ ግን መነመነች።

የጥርሲቱ ባለቤት ጋሽ ፊሽካ ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ በዴፖው ግቢ ውስጥ በዚያ ስም ቢጠሩት ግን ዞር ብሎም አያይ። ሥራው አውቶቡስ ወደኋላ ማስገባት ነው። የኋላው ግቢ ጠባብ ነው፤ ከተማውን ሲዞሩ የዋሉት አውቶቡሶች አመሻሹ ላይ ተመልሰው፣ ጎን ለጎን፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው መቆም አለባቸው። ሾፌሩ ከኋላው ያለውን አያይም። በስፖኪዮው የሚያየው የጋሽ ፊሽካን እጆች፣ ከሞተሩ ጩኸት በላይ የሚሰማው የጋሽ ፊሽካን ፊሽካ ነው። ቀኝ እጁ "ና፣ ና" ይላል፤ ግራ እጁ መሪ ያስጠመዝዛል። ሁለቱም እጆቹ ሥራ ላይ ስለሆኑ ፊሽካውን የሚይዝለት ጥርሱ ነው። ረዥም ሲነፋ "ና" ማለት ነው፤ ቆረጥ ቆረጥ ሲያደርገው "ቀስ" ማለት ነው፤ አንዴ ብቻ፣ እንደ ጥፊ ሲያጮኸው፣ "ቁም" ማለት ነው። ሌላ ቋንቋ የለም፤ አያስፈልግምም።

ፊሽካው ብረት ነው። የፈረቃ አለቃው አንዴ ፕላስቲክ ፊሽካ ይዞለት መጥቶ ነበር። ጋሽ ፊሽካ ገልበጥ አድርጎ አየውና "ይሄ ለዳክዬ ነው" ብሎ መለሰለት። ብረቱን በግራ የፊት ጥርሱ ነክሶ ጎለመሰ፤ ነክሶ ሸበተ። ጥርሱን ማጽዳት ትዝ የሚለው ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር፤ ቤታቸውም እንግዳ አያበዛም። በዚህ ሁሉ መሀል ድዱ ሸሸ፤ ከድዱ ሥር ያለው አጥንት ሟሸሸ። ጥርሲቱ ግን ቀጥ ብላ ቆማ ነበር፤ ከሥሯ መሬቱ ሲሄድ እንዳላየ ሰው።

አንድ አመሻሽ "ቁም" ሊል ነፋ። ጥርሲቱ፣ አውቶቡሱ ሳይቆም ለመውረድ እንደሚሻማ ተሳፋሪ፣ ወደፊት ዘንበል አለች። ፊሽካው ተንሸራተተ፤ እንደ ጥፊ መጮህ የነበረበት ድምፅ እንደሚተነፍስ ጎማ ሲስስስ ብሎ ወጣ። ሾፌሩ "ገና ነኝ" ብሎ ገፋ። አውቶቡሱ ግድግዳውን ሳመው። በጋሽ ፊሽካ ዘመን ግድግዳው ሲሳም ይህ የመጀመሪያው ነበር።

የፈረቃ አለቃው መጥቶ የተጫረውን ቦታ በመዳፉ ዳሰሰ።

"ጋሽ ፊሽካ፣ ይሄ ግድግዳ ምን በደለህ? ቆሞ ባለበት!"

"እኔ እኮ አይደለሁም። ጥርሴ ናት።"

"ጥርስህ መንጃ ፈቃድ አላት?"

"ዘመም አለችብኝ ነው የምልህ።"

"እንግዲያው አቃናት። ካልሆነ አውቶቡሶቹ ላይ ያንን ጢጥ ጢጥ የሚለውን ማሽን አስገጥማለሁ። እሱ ጥርስ የለው፣ ሕመም ፈቃድ አይጠይቅ፣ አያኮርፍ።"

ጋሽ ፊሽካ ነገሩ ገብቶታል። ጥርሲቱ ከወደቀች ፊሽካው ይወድቃል፤ ፊሽካው ከወደቀ ደግሞ እሱ ግቢ መሀል ቆሞ እጁን የሚያወናጭፍ ሽማግሌ ነው፤ የሚያየው ሰው ወይ ንብ መጣችበት ይላል ወይ አእምሮው ተነካ። ያቺን ጥርስ ማትረፍ አለበት፤ ይኸው ነው።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። እሷ ነገር አታስረዝምም።

"ይነቀልና ሰው ሠራሽ ይተካልሃ።" ትንሽ አሰበች። "ቆይ፣ ተነቃዩማ አይሆንም። አንተ 'ቁም' ስትል ጥርሱ በርሮ ሾፌሩ ጉያ ይገባል። እናስተርፋት፤ ሂድ ታከም።"

ሄደ። የጥርስ ሐኪም ቤቱ ሐኪም የሚሠለጥንበት ትልቅ ቤት ነው፤ ኮሪደሩ ሲሄዱት አያልቅም፣ ወንበሩ ተራ ሲጠብቁበት ያስተኛል። የደረሰችው ወጣት ሐኪም ነበረች። አፉን አይታ፣ ራጅ አስነስታ፣ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ዘርግታ አሳየችው።

"ይኸውልዎ ጋሼ። ጥርስዎ ደህና ነች። ያለቀው ዙሪያዋ ነው። የተተከለችበት አጥንት ወርዷል፤ ከአጥንቱ ጋር ያሰሯት ስስ ክሮች ተበጥሰዋል። በድድዎና በጥርስዎ መሀል ጥልቅ ኪስ ተፈጥሯል።"

"ኪሱ ይሰፋ ይሆን?"

"ከውስጥ መሞላት አለበት። አዲስ መድኃኒት መጥቶልናል፤ የዕድገት ፕሮቲን ነው። እዚያ ላሉት የሰውነት ሕዋሳት 'ተነሱ፣ ሥራ ጀምሩ፣ አጥንቱን ሙሉ፣ ክሩን ፍተሉ' እያለ ያዛቸዋል።"

"ዝም ብለሽ አንጠባጥቢልኛ፣ ልጄ።"

"ዝም ብሎ ቢንጠባጠብ ምራቅ ያጥበዋል፣ ደም ጠርጎ ይወስደዋል፤ ሥራ ሳይጀመር አዛዡ ይጠፋል። ስለዚህ ስስ ስፖንጅ ውስጥ ነክረን ኪሱ ውስጥ እንቀብረዋለን። ስፖንጁ ቀስ ብሎ እየሟሟ ቀስ ብሎ ይለቀዋል።"

የጋሽ ፊሽካ ፊት በራ። "እንደ ተሳፋሪ ነው በይኛ! በአንዴ ከወረዱ በሩ ላይ ይጨፈላለቃሉ፤ አንድ በአንድ ሲወርዱ ሁሉም ቤቱ ይገባል።"

ሐኪሟ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ሰበሰበችና ጣቷን አነሳች። ለግማሽ ዓመት ፊሽካ የለም። በፊት ጥርስ መንከስ የለም። በምላስ መነካካት የለም።

"ዋናው ደግሞ ይሄ ነው። ማንም ሰው መለኪያ ብረት እንዳያስገባባት። አዲሱ ክር ገና እንደ ሸረሪት ድር ነው፤ ከተነካ ይበጠሳል። 'አደገ ወይስ አላደገ' ብለን ከለካን ያደገውን እንነቅለዋለን።"

"አንቺስ?"

"እኔም።"

ማደንዘዣ ወጋችው፤ ድዱን ከፈተች፣ ኪሱን ጠርጋ አጸዳች፣ ስፖንጁን በወረንጦ ይዛ ቀበረች፣ ሰፋች። ጋሽ ፊሽካ ከንፈሩ እንደ ትራስ አብጦ ወጣ። ውጭ የምትጠብቀው ሚስቱ አየችውና "አሁን ገና ሰው የሚስም ከንፈር አወጣህ" አለችው።

ግማሽ ዓመት ያለ ፊሽካ ደግሞ እንዴት ይዘለቃል? የፈረቃ አለቃው "እኔ አላውቅም፤ አውቶቡሱ ይግባ" አለ። ጋሽ ፊሽካ አሰበና ከቤቱ የድስት ክዳንና ማንኪያ ይዞ ግቢው መሀል ቆመ። አንዴ ሲመታው "ና"፣ ደጋግሞ ሲመታው "ቀስ"፣ በሙሉ ኃይሉ ሲመታው "ቁም"። የዘነጋው ነገር ክዳን ለመምታት ሁለት እጅ እንደሚያስፈልግ ነው። እጁ ክዳኑ ላይ ሲሆን የሚጠቁም እጅ የለም፤ እጁ ሲጠቁም ክዳኑ መሬት ላይ ነው። አንዱ አውቶቡስ በሰያፍ ገባ፤ ሌላው ሰያፉን አይቶ በሰያፍ ገባ፤ ሦስተኛው በሩ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። ሾፌሮቹ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው "ጋሼ፣ ምሳ ደረሰ ወይስ እንግባ?" እያሉ ያላግጡ ጀመር።

በዚህ መሀል ሚስቱ ደረሰች። የመጣችው ለአውቶቡስ አይደለም፤ ለክዳኗ ነው።

"አንተ ሰውዬ! ድስቴ ተከፍቶ ቀርቶ ዝንብ ሲጠራ፣ አንተ እዚህ ትደልቅብኛለህ? አምጣ!"

ክዳኗን ነጠቀች። ስትዞር ግቢውን አየችው፤ አውቶቡሶቹ እንደ ተጣሉ ዘመዳሞች አንዱ ለአንዱ ጀርባ ሰጥተዋል። "ይሄ ምንድን ነው?" አለች። የባሏን አንገት ይዛ ፊሽካውን ከነገመዱ በራሱ ላይ መዥርጣ አወጣችው፤ በቀሚሷ ጠረገችው፤ ለውዝ ከነቅርፊቱ በሚፈጭ ጥርሷ ነክሳ ነፋችው።

የተሰነቀረው ሾፌር ከወንበሩ ብድግ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ፊሽካ በእጁ ይጠቁማል፤ ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ትነፋለች። የፈረቃ አለቃው አይቶ እንዳላየ ሆነ፤ ደንቡ "አንድ ሠራተኛ" ነው የሚለው፣ ባልና ሚስት አንድ ናቸው ብሎ ኅሊናውን አስተኛ። ሾፌሮቹ "እትዬ ቁም" ብለው ስም አወጡላት። እትዬ ቁም የምትነፋው የባሏን እጅ እያየች ነው ይባላል እንጂ፣ ቆይቶ እጁ የሚከተለው ፊሽካዋን እንደሆነ ያላየ አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ ጥርሲቱ በሰላም ተቀብራ ታድግ ነበር። ታዲያ የጥርስ ሐኪም ቤቱ ዋና ሐኪም ሰማ።

ዋና ሐኪሙ ጥርስ ማከም ከተወ ቆይቷል፤ አሁን የሚያክመው ጎብኚዎችን ነው። ጎብኚ ሲመጣ ኮቱን ይለብሳል፣ በኮሪደሩ ያዞራቸዋል፣ ያስጨበጭባቸዋል፣ በሰላም ይሸኛቸዋል። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፤ የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። ወንበር አሳይቶ ነበር፣ መስኮት አሳይቶ ነበር፣ አንዴ እንዲያውም አዲስ የእጅ መታጠቢያ አስመርቆ ነበር። "የዕድገት ፕሮቲን" የሚለው ቃል ጆሮው ሲገባ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዕድገት! በእሱ ቤት! በጥርስ ውስጥ!

ጋሽ ፊሽካ ለክትትል ተጠራ። ወንበሩ ላይ ሲጋደም በዙሪያው ከረባት በከረባት ሆነ።

"ክቡራን፣" አለ ዋና ሐኪሙ፣ "በዚህ አፍ ውስጥ መጪው ዘመን አለ። አባቴ፣ እስኪ ይክፈቱ።"

ወጣቷ ሐኪም ፈጥና ገባች። "ዶክተር፣ ገና ናት። መለካት የለባትም።"

"ማን ይለካል? ማየት ብቻ ነው።" ይህን እያለ፣ መስመር መስመር ያለባትን ቀጭን ብረት ከትሪው አንስቶ ድዱ ውስጥ ከተታት። "እዩ! እዩ፣ እዚህ ድረስ ነው የገባው። ዕድገት ባይኖር እስከዚህ ይገባ ነበር።" ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ። ጋሽ ፊሽካም የሆነ ነገር ብሎ ነበር፤ የዋና ሐኪሙ ሁለት ጣቶች ምላሱ ላይ ስለነበሩ ግን "አጋጋ" ብቻ ነበር የተሰማው። ዋና ሐኪሙ "ያመሰግናል" ብሎ ተረጎመ። አፉ ወለል ብሎ ተከፍቶ ቃል ማውጣት የማይችል ፍጡር ሁለት ነው፤ አንዱ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ያለ ታካሚ፣ ሌላው ስብሰባ ላይ ያለ ሠራተኛ።

በሚቀጥለው ጊዜ ሌሎች ጎብኚዎች መጡ፤ ብረቷም ገባች። አሁን ትንሽ ጠለቅ ብላ ገባች። በተከታዩም እንዲሁ። ዋና ሐኪሙ ግንባሩን ኮስኮስ አደረገ።

"ውጤቱ ወደኋላ እያለ ነው። ለምን? ክትትሉ ስለላላ! ቶሎ ቶሎ መለካት አለበት።"

ቶሎ ቶሎ ተለካች። ቶሎ ቶሎ ስትለካ ኪሱ ቶሎ ቶሎ ጠለቀ፤ ኪሱ ሲጠልቅ ክትትሉ ጠበቀ። የጥርሲቱ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከንፈር ወደታች የሚይዝ ሰው ስላስፈለገ የከንፈር ንዑስ ኮሚቴ ተጨመረ፤ ሊቀመንበሩ ከንፈር ይዞ ፎቶ ሲነሳ ፈገግ ማለት ይወድ ነበር። ከበላይ መሥሪያ ቤት መጡ፤ ከበታችም መጡ። የልብስ ማጠቢያውን ሊያዩ የመጡ ሰዎች መንገድ ስተው ገቡና ብረቷን አስገብተው፣ "በጣም አስደሳች ነው፤ ማጠቢያው ግን የት ነው?" ብለው ወጡ። የተሰበረ አምፖል ሊቀይር መሰላል ይዞ የመጣ ኤሌክትሪሺያን ሳይቀር ሰልፉን ሲያይ ተሰለፈ፤ ተራው ሲደርስ ጓንት አጥልቀው ብረቷን ሰጡት። እሱ ቢያንስ "ያማል እንዴ አባቴ?" ብሎ ጠየቀ።

ጋሽ ፊሽካ ጥርሱን ነክሶ ሊችል አይችልም፤ መንከስ ተከልክሏል። ዋና ሐኪሙ ላይ ጥርስ ሊነክስበት ፈልጎ ነበር፤ እሱም ያው ነው። እንቢ ብሎ ቢቀር ደግሞ "ክትትል ያቋረጠ ታካሚ ከሕክምናው ይሰረዛል" የሚል ማስጠንቀቂያ በየጊዜው ይነበብለታል። ዴፖ ሲመለስ ሾፌሮቹ ይቀበሉታል።

"ጋሼ፣ ዛሬስ ማን ጎበኛት?"

"ዝም በል አንተ።"

"ከስፖንጁ የተረፈ ካለ ለእኔ፤ እዚህ ላይ" ይላል አንዱ ራሰ በራውን እየደበደበ። እትዬ ቁም ፊሽካውን ጆሮው ሥር ታንባርቅበታለች፤ ራሰ በራው ይጠፋል።

በመጨረሻ ራጅ ተነሳ። አጥንቱ ከመጀመሪያው ቀን አንዲት ጭረት አልጨመረም፤ ይልቅ ወረድ ብሏል። ዋና ሐኪሙ ፊልሙን አየ፤ ጎብኚዎቹን አየ፤ ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ታካሚው አልተባበረም" አለ። ኮሚቴው በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። የከንፈር ንዑስ ኮሚቴ ግን ሥራውን ሙሉ በሙሉ ማከናወኑ ተመሰገነ።

ጋሽ ፊሽካ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ። ሆድ ባሰው። ምላሱ ሳያስበው ሄዳ ጥርሲቱን ነካቻት፤ እንደ ልቅ የበር እጀታ ተንገዳገደች። ወጣቷ ሐኪም መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ፊቷ በንዴት ቲማቲም መስሏል።

"ጋሼ፣ አንድ ስፖንጅ ቀርቶኛል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ የለም።"

"እና?"

"አሁን እቀብርልዎታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አፍዎን ለማንም አይክፈቱ። ለዋናውም፣ ለኮሚቴውም፣ ለእኔም። 'ይሰረዛል' ቢሉዎት ይሰረዝ፤ መድኃኒቱ አንዴ ከተቀበረ የሚሰርዘው የለም።"

"ምግብስ?"

"ለምግብ ይክፈቱ። ለሰው አይክፈቱ።"

ተቀበረ፤ ተሰፋ። ጋሽ ፊሽካ ከዚያ ደጅ የወጣው ከንፈሩን እንደ ታሸገ ፖስታ ገጥሞ ነው። ሰላምታ በአንገት፣ መልስ በቅንድብ፣ ክርክር በትከሻ ሆነ። ከሚስቱ ጋር እንኳን በእጅ ያወራ ጀመር፤ ያው የአውቶቡስ እጅ ነው። "ና፣ ና" ሲላት ሳህኑን ታቀርባለች፤ "ቁም" ሲላት ጨው ይበቃል። እሷም "ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ተግባብተን አናውቅም" ትላለች።

ለክትትል አልሄደም። ማስጠንቀቂያ መጣ፤ አልሄደም። ሁለተኛ መጣ፤ እትዬ ቁም የድስት ማውረጃ አደረገችው። ዋና ሐኪሙ ጨነቀው። ሁለተኛ ስፖንጅ መቀበሩ ጆሮው ደርሷል፤ ከሩቅ የመጡ ጎብኚዎች ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፤ የእጅ መታጠቢያውን አይተው ጨርሰዋል። "ጥርሲቱ ካልመጣች እኛ እንሄዳለና!" ብሎ ተነሳ።

አውቶቡሶቹ መመለስ በጀመሩበት ሰዓት ዴፖው ደረሱ። ዋና ሐኪሙ ብረቷን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዟል። ጋሽ ፊሽካ ከግድግዳው አጠገብ ቆሞ እጁን ያወዛውዛል፤ እትዬ ቁም ከጎኑ ፊሽካውን ነክሳ ትነፋለች፤ አንድ ትልቅ አውቶቡስ ጀርባውን ሰጥቶ ቀስ እያለ ይመጣል። ዋና ሐኪሙ በአውቶቡሱና በግድግዳው መሀል ገብቶ ቆመ። ሹም ስለሆነ አውቶቡስ የሚነዳበት አልመሰለውም።

"አባቴ! ጠፉብን እኮ! እስኪ አንዴ ብቻ ይክፈቱ፤ እንግዶቹ ከሩቅ ነው የመጡት።"

ጋሽ ፊሽካ በእጁ "ቁም" አለው። ከዚያ በሁለቱም እጆቹ "ውጣ ከዚያ" አለው። የዋና ሐኪሙ ዓይን ግን እጅ አያይም፤ ከንፈር ነው የሚያየው።

"አንዴ ብቻ! አልነካትም፤ ልያት ብቻ!" እጁ ወደ ደረት ኪሱ ገባ። ነጩ ጨርቅ ተፈታ። ብረቷ ብልጭ አለች።

እትዬ ቁም ብረቷን አየቻት። ፊሽካውን ከጥርሷ አልለቀቀችም። በረዥሙ ነፋችው። "ና።"

አውቶቡሱ መጣ። ጎብኚዎቹ እግሬ አውጪኝ ብለው የጎማ ክምር ላይ ወጡ። ዋና ሐኪሙ ዞር ሲል የአውቶቡሱ ጀርባ እንደ ግንብ እየቀረበው ነው። አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ፤ ጀርባውን ግድግዳው ተቀበለው።

"ሴትዮ! አስቁሚው!"

"ና" አለ ፊሽካው።

"እ... እሺ፣ አልለካም!"

ፊሽካው ቆረጥ ቆረጥ አለ። "ቀስ።" ቀስ ግን መቆም አይደለም። ጋሽ ፊሽካ የሚስቱን ክንድ ይዞ ይነቀንቃል፤ እሷ ቅንድቧን ብቻ አነሳች።

"አላይም! አላያትም በቃ! ሌላ ሰውም አላመጣም!"

እትዬ ቁም ፊሽካውን ከአፏ አወጣች። ሾፌሩ "ቁም" ስላልተባለ እየመጣ ነው።

"እስከ መቼ?" አለችው።

"እስክትጸና! ሐኪሟ 'በቃ' እስክትል! ሴትዮ፣ በእናትሽ!"

"ብረቷን ጣላት።"

ብረቷ ሲሚንቶው ላይ ቅጭል ብላ ወደቀች። እትዬ ቁም ፊሽካውን ተረጋግታ ጠረገችው፤ ነከሰችው፤ እንደ ጥፊ አጮኸችው። አውቶቡሱ ቆመ። የኋላ መከላከያ ፓራውልቱና የዋና ሐኪሙ ኮት ቁልፍ ተጨባበጡ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ "እትዬ፣ ልክ ነኝ?" አለ። "ልክ ነህ የኔ ልጅ፤ ከዚህ በላይማ ብትመጣ ይጨማደዳል" አለችው። ዋና ሐኪሙ እንደ ሸርጣን በጎኑ እየተሳበ ወጣ፤ ግድግዳው የኮቱን ጀርባ በኖራ ቀብቶ ሸኘው። የጎማ ክምሩ ላይ ካሉት ጎብኚዎች አንዱ የዝግጅቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ።

ጋሽ ፊሽካ በዕድሜው እንደዚያን ሰዓት የተፈተነበት ጊዜ የለም። ጥርስ የማያስከድን ነገር ዓይኑ ሥር ተፈጽሞ እሱ ጥርሱን መክደን አለበት። ሁለት እጁን አፉ ላይ ጫነ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ እንባው በጣቶቹ መሀል ወረደ። ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና መሬት ተቀመጠ። አፉ ግን አልተከፈተም። ሾፌሮቹ "አለቀሰ እኮ ጋሼ!" አሉ።

ዋና ሐኪሙ ቃሉን ጠብቋል ማለት ይቻላል፤ አሁን የአምፖሉን መሰላል ነው የሚያስጎበኘው። የፈረቃ አለቃው ጢጥ ጢጥ ስለሚለው ማሽን ማንሳት ትቷል። በቅርቡ ግን እትዬ ቁምን ለብቻዋ ጠርቶ፣ የሥራ ልብስ ቁጥሯን ጠይቋት ነበር። ማታ ራት ላይ ጋሽ ፊሽካ በእጁ "ፊሽካውስ?" ብሎ ጠየቃት። "ጥርስህ ስትጸና እመልስልሃለሁ" አለችው። እንዴት እንደሚታወቅ ግን አልነገረችውም። እሷም አታውቅም፤ ሐኪሟም ቢሆን ጊዜው እስኪደርስ አታውቅም። በዚያ የተገጠመ ከንፈር ጀርባ አጥንቱ ሞልቶ፣ ክሩ ተፈትሎ፣ ጥርሲቱ እንደ ምሰሶ ቆማ ሊሆን ይችላል። ወይም ምንም የለ ይሆናል። ለማወቅ ያለው መንገድ ማየት ብቻ ነው፤ ያየ ደግሞ ያፈርሳል። ጋሽ ፊሽካ ምላሱን በቀኝ ጉንጩ በኩል አስሮ፣ ሳያውቅ መኖርን ችሎ፣ ጎህ ሲቀድ እየተነሳ ወደ ግቢው ይሄዳል። እስካሁን ማንም አላያትም።

የቀረው ያንተ ነገር ነው፣ አንባቢ። መንገድ ላይ ከንፈሩን ገጥሞ፣ እጁን እንደ አውቶቡስ አስገቢ እያወዛወዘ የሚሄድ ሰው ታገኝ ይሆናል። ሰላም በለውና እለፍ። "እንዴት ሆነች?" አትበለው። "እስኪ ላያት፣ እኔ እንደ ሌላው አይደለሁም" ደግሞ በፍጹም አትበለው፤ ሁሉም ያለው ይህንኑ ነው። መቼም አንተ እንደዚያ ያለ ሰው አይደለህም። አይደለህም አይደል? እንግዲያው ይቺን አሁን ወደ ከንፈሩ የዘረጋሃትን ጣትህን፣ እባክህ፣ እስኪ...